ነገ ዘጠኝ ሰዓት፣ ድሬዳዋ

ሰዎች ቁጡ ነሽ ይሉኛል፤ አልክድም። ሃያ ስድስት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ጸሐፊነት የሠራች ሴት፣ ማኅተም የቸገረው፣ ፎርም ያልሞላ፣ ፊርማ የረሳ ሁሉ በሯን ሲያንኳኳባት የኖረች ሴት ካልተቆጣች ሥራዋን አልሠራችም ማለት ነው። በዲፓርትመንታችን ከኃላፊው በስተቀር ሁሉም «እትዬ» ይለኛል። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳለሁ ነው የጀመሩኝ። ያን ጊዜ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ዕድሜዬ ደርሶበታል።

ከጠረጴዛዬ ኋላ የፋይል ማስቀመጫ የብረት ቁም ሳጥን አለ። ከፋይል ሌላ ሁለት ነገር አይጠፋበትም። አንዱ ነጠላ ነው። ሰው ሲሞት ከሥራ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ስለምንሄድ፣ ቢሮዋ ውስጥ ነጠላ የማታስቀምጥ ሴት በግቢያችን ያለች አይመስለኝም። ሁለተኛው በፌስታል የተጠቀለለ ቡናማ የወንድ ሹራብ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ጊዜ አንሥቶ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፤ ማንም አልለበሰውም። የማን ነው ብለው የጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ፣ ሥራችሁን ሥሩ ብያቸዋለሁ።

ይህ የምጽፈው ነገር የሆነው በኅዳር ነው። በአፋር በረሃ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ሰማይ ላይ ሲወጣ በየስልካችን ስናይ ዋልን። ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አንዷ ቪዲዮውን ስትልክልኝ «የዘመን ፍጻሜ» ብላ ጽፋበት ነበር። እኔ ከዘመኑ በፊት ማለቅ ያለበት የተማሪዎች ውጤት ስለነበረብኝ ብዙም አልተጨነቅኩም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ። የተደወለው ከድሬዳዋ ነው። እኛ ዘንድ ስታቲስቲክስ የሚያስተምር፣ ሠላሳ ያልሞላው ወጣት መምህር አለ፤ የእሱ ታላቅ ወንድም ነኝ አለኝ። አባታቸው ንጋት ላይ አርፈዋል። ቀብሩን ለዚህ ለሩቁ ልጅ ሲሉ ለነገ ዘጠኝ ሰዓት አድርገውታል፤ ከዚያ በላይ ማቆየት አይችሉም፣ የድሬዳዋ ሙቀት አይፈቅድም። ከዚያ ወደ ዋናው ነገሩ መጣ። እንዳትነግሩት አለ። ትንሽ አሟቸዋል በሉና በአውሮፕላን አሳፍሩልን፣ እዚህ ሲደርስ እኛ እንነግረዋለን። አደራ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ሳይናገረው አልቀረም።

ለእኔ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ገና ሳይነጋ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፣ ትልልቅ ሰዎች ከፊት ይሆናሉ፣ ጠንካሮቹ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጥል አጠገቡ ይቆማሉ፣ ውኃ ይዘጋጃል። እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ ይዋሻል። ይህን ውሸት ኃጢአት ነው የሚል ሰው አይቼ አላውቅም፤ ፓስተራችን ራሳቸው ዋሽተው ያውቃሉ።

ስለዚህ እንደ ወጉ ሄድንበት። ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው፣ በዲፓርትመንቱ የስንቱን መርዶ አቀናብረዋል። በራቸውን ዘግተው አራት አምስት መምህራን ሰበሰቡ። የከሰዓቱ አውሮፕላን ትኬት ተገዛ፣ አዲስ አበባ ድረስ አብረውት የሚሄዱ ሁለት ጓደኞች ተመረጡ፣ አንደኛው ልጁን ከክፍል ጠርቶ አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ሊያዩህ ፈልገዋል አለው። ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። በሥራ ጉዳይ እንዲህ ፈጥነን አናውቅም።

አምስት ሰዓት ላይ በረራው ተሰረዘ የሚል መልእክት መጣ። አመዱ በየት በኩል እንደሚነፍስ እስኪታወቅ ድረስ የዚያ ቀን በረራ የለም፣ የነገውም አይታወቅም። ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የሀዋሳ ሰማይ ከዚያ ቀን የበለጠ ጠርቶ አላየሁትም፤ አንድ የደመና ቁራጭ እንኳ አልነበረበትም። አባ ኮዳዎቹ ከሐይቁ በኩል ተነሥተው ክንፋቸውን ዘርግተው ከሕንፃችን በላይ ይዞራሉ። እነሱን ማን ይከለክላቸዋል ብዬ በወፍ ተናደድኩ።

ልጁ ወደ ቢሮዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእጁ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ መገምገሚያ ወረቀቶች ይዟል፤ ስቴፕለር ፈልጎ ነው። ፊቱ ፈካ ብሏል። «አቦ እትዬ፣ አሳሰባችሁኝ እኮ» አለኝ። እኅቱ ጋ ደውሎ ነበር። እኅቱ ደግሞ ሰምታለች፣ ታውቃለች፣ ግን እሷም አደራ ተብላለች። ደህና ናቸው፣ ትንሽ ጨጓራቸውን ነው፣ አሁን ተኝተዋል ብላዋለች። ስቃ ሳይሆን አይቀርም፣ ምክንያቱም እሱ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እንግዲህ በረራው ከነገ ወዲያ ሲጀመር እሄዳለሁ፣ ነገ የአምስት ተማሪዎች ግምገማ አለብኝ አለ።

እዚያ ቆሜ ምን እንደሠራን ገባኝ። ውሸታችን የተሰፋው ለአውሮፕላን ነበር። አውሮፕላኑ ካለ ትንሽ አሟቸዋል ይበቃል፣ ሰው ትንሽ ለታመመ አባት አውሮፕላን ይሳፈራል። ትንሽ ለታመመ አባት ግን ሥራውን ጥሎ ሀዋሳ መናኸሪያ ላይ ተጋፍቶ፣ ሁለት ቀን በመኪና ተንገላቶ ድሬዳዋ የሚሄድ የለም። ልጁን በገዛ እጃችን ተረጋግተህ ተቀመጥ ብለነዋል። ዲፓርትመንቱም፣ ወንድሙም፣ እኅቱም ለእሱ አስበን ነው፤ ሁላችንም ተባብረን አባቱን ሳይቀብር እንዲቀር ልናደርገው ነው።

ኃላፊው ጋ ተመልሼ ገባሁ። እሳቸው የሚያውቁት መንገድ ነበራቸው፤ ሕመሙን ቀስ በቀስ ማክበድ። አሁን ሆስፒታል ገቡ እንለዋለን፣ ከሰዓት ጸንቶባቸዋል እንላለን፣ ማታ ራሱ ይጠረጥራል፣ ነገ ንጋት ላይ እቤቱ ሄደን እንነግረዋለን አሉ። ነገ ንጋት ላይ ሀዋሳ ውስጥ የተነገረው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ድሬዳዋ እንዴት ይገኛል አልኳቸው። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ካልተነሣን ዛሬ አዳማ አንደርስም፣ ዛሬ አዳማ ካላደርን ነገ ቀብር የለም አልኳቸው።

«የሰው አደራ ነው» አሉኝ። «ወንድምየው እኛ እንነግረዋለን ብሏል። መርዶ በቢሮ፣ በጠራራ ፀሐይ ይነገራል እንዴ? መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ?»

መጥፎ ሰው ሆነው አይደለም። በወጣትነታቸው መርዶ በድንገት ሰምቶ ከመኪና ሊወርድ ሲል የወደቀ ጓደኛ እንደነበራቸው ደጋግመው ነግረውናል። እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ የጽሕፈትና የቢሮ አያያዝ ሥልጠና ላይ ሳለሁ ነበር፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። አጎቴ ደውሎ አባቴ ትንሽ እንዳመመው፣ ፈተናዬን ጨርሼ እንድመጣ ነገረኝ። አመንኩ። አራት ቀን ፈተና ተፈተንኩ፣ ጥሩም ሠራሁ። በመጨረሻው ቀን መርካቶ ሄጄ ቡናማ ሹራብ ገዛሁ፤ አባቴ ሀዋሳ አጠገብ ቱላ ባለው ማሳው ላይ ማለዳ ሲወጣ ብርዱን ይፈራው ነበር። ቱላ ስወርድ ደጃችን ላይ ድንኳን አየሁ። ሴቶቹ ወደ እኔ እየሮጡ ሲመጡ እኔ በግራ እጄ ፌስታሉን እንደያዝኩ ነበር። አባቴ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አጎቴን ይቅር ብያለሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ጉልበቴ ላይ ሆኜ ብያለሁ፤ ንዴቱ ግን ከእኔ ጋር ቀርቷል።

ስለዚህ ኃላፊውን እሺ ብዬ ወጣሁ። ውሸታም ነኝ፣ እሺ ማለቴ አልነበረም። ልጁ አሁንም ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ ወረቀቱን ያስተካክላል። በሩን ቆለፍኩት። ተቀመጥ አልኩት። መልኬን ሲያይ ሳቁ ጠፋ፣ ግን አልተቀመጠም።

«አባትህ አርፈዋል» አልኩት። «ዛሬ ንጋት ላይ። ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በመኪና እንሄዳለን፣ አብሬህ ነኝ፣ እንደርሳለን።»

ስቴፕለሩን አንሥቶ አንዱን ወረቀት መታ፣ ሁለተኛውን መታ፣ ከዚያ እዚያው ላይ ደጋግሞ መታው፣ ሽቦው አልቆ ባዶውን እስኪጮህ። ከእጁ ወሰድኩበት። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሩን ሲያንኳኩ ሰማሁ፣ አልከፈትኩም። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም፤ የማውቀው ሰዓቴን አይቼ ስድስት ከሩብ ሲል ተነሥ ማለቴን ነው። ተነሣ።

ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ልጁን ሲያዩት ሁሉም ገባቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቀድመው ልጁን አቀፉት፣ እግዚአብሔር ያጽናህ አሉት፣ ከዚያ በልጁ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝና «የነገረ ሰው ጥሎ አይመለስም» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ነጠላዬን ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ። ልጁ በስስ ሸሚዝ ነበር፤ ቤቱ ሄዶ ልብስ የሚይዝበት ጊዜ የለም። እጄ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ሄደ። ፌስታሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በባጃጅ መናኸሪያ ስንደርስ የሀዋሳ ሰው ሁሉ አውሮፕላን ተሳፋሪ የነበረ ይመስል ነበር። ባለ ከረባቱ፣ ሻንጣዋ ጎማ ያላት፣ አንገቱ ላይ የስብሰባ ባጅ እንዳንጠለጠለ የቀረው፣ ሁሉም አንድ የአዳማ ሚኒባስ ከበዋል። ሚኒባሱ ሞልቷል። ረዳቱ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ እንደማያውቅ፣ ሌላው መኪና ሁሉ አዲስ አበባ እንደሄደ ነገረኝ።

በሚኒባሱ በር ላይ ቆምኩ። ድምፄ ትልቅ ነው፤ ተማሪዎች ከሦስተኛ ፎቅ ሲሰሙት ይሸሻሉ። «ይህ ልጅ ድሬዳዋ አባቱን ሊቀብር ነው። ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሁለት ወንበር ያስፈልገናል» አልኩ። በመርዶ ምክንያት ጠዋቱን ሙሉ በሹክሹክታ ስናወራ የቆየነውን ነገር ለመናኸሪያ ሙሉ ሰው ጮኼ ተናገርኩት። ልጁ አጠገቤ አንገቱን ደፋ። አፍሮ እንደሆነ አላውቅም፣ አፈር ልሁንለት።

ሻንጣው ላይ የአየር መንገድ ወረቀት የተለጠፈበት ባለ ከረባት ሰው መጀመሪያ ወረደ። ስብሰባ ነው ያለብኝ፣ ስብሰባ ይጠብቃል አለና ሻንጣውን ራሱ አወረደ። ቀጥላ አንዲት ተማሪ ወረደች፤ የእኛው ግቢ ልጅ ናት፣ ባለፈው ወር ፎርም አልሞላሽም ብዬ የመለስኳት። በዓይኔ ይቅርታ ጠየቅኳት። እንደገባት ተስፋ አደርጋለሁ።

ሻሸመኔን አለፍን። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘግቶታል። ከኋላችን የተቀመጡ ሐዘን የሚያውቁ የሚመስሉ ጎልማሳ ሴት እጃቸውን የልጁ ትከሻ ላይ አደረጉ፤ ለረጅም ጊዜ አላነሡትም። አንዱ ውኃ አቀበለ። ከፊት ያለው ሽማግሌ ዞር ብሎ አባትህ ምን ይሠሩ ነበር ልጄ አለው። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ለቅሶ ቤት የሚጠየቅ ነው፤ ሰውየው መኪና ውስጥ መሆናችንን የረሳ ይመስል ነበር። ልጁ ዓይኑን ጠርጎ መለሰ።

አባቱ ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ በድሬዳዋ የድሮው የባቡር ጋራዥ መካኒክ። አንድም ቀን አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፣ አይወዱትም። ልጁ ለእረፍት በሄደ ቁጥር ገና ሳይቀመጥ «መንገድ ላይ ምን አየህ?» ይሉታል። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ በአውሮፕላን ነው የሚሄደው፣ ምን አየ ይበል። ደመና አየሁ ይላቸዋል። እንግዲያው አልመጣህም ማለት ነው እያሉ ይስቁበት ነበር። ይህን ሲነግረን ራሱ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ተሰባበረ፣ ሴትየዋም እጃቸውን አጠበቁት።

ከዚያ በኋላ መስኮቱን ማየት ጀመረ። ሐዘንተኛ የሚያየው ዓይነት አተያይ አልነበረም፤ ፈተና የሚቆጣጠር መምህር እንደሚያየው ነበር፣ አንድ ነገር እንዳያመልጠው። እኔ ግን ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነው። አዳማ አመሻሽ አስራ ሁለት ሰዓት ገባን። ሾፌሩ የሚያውቀው የድሬዳዋ መኪና ሾፌር ጋ ደውሎ፣ ለነገ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ከፊት ሁለት ወንበር አስያዘልን። ሰዎቹ ሁሉ አንድ በአንድ ልጁን አቅፈው ተለያዩን።

ወንድምየው ስልክ ይደውላል። በየሰዓቱ ይደውላል። በመኪና እየመጣን መሆኑን ነግሬዋለሁ፣ ግን አልነገራችሁትም አይደል ይለኛል። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል። ትንሽ እንዳመማቸው ያውቃል እላለሁ። ጠዋት ለልጁ ስንዋሽ የነበርነው፣ አሁን ልጁና እኔ ሆነን ለወንድምየው እንዋሻለን። ስልኩን ስዘጋ ተያየን፤ ሳቅ ሊያመልጠን ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ብርድ ነበር። ልጁ ሸሚዙን ይዞ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ፌስታሉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ልበስ አልኩት። የማን ነው አለኝ። ልበስ አልኩህ አልኩት። ለበሰው። እጅጌው ትንሽ አጠረው።

መተሐራን አለፍን፣ አዋሽን አለፍን። ወደ ሚኤሶ ስንቃረብ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል። ከባድ መኪና መንገዱ ላይ ተገልብጦ ዘግቶታል፣ ክሬን ከአዋሽ ይመጣል ተብሏል። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነበር። ሾፌራችን ወርዶ አየና ተመልሶ ሁለት ሰዓት ይፈጃል አለ። ሁለት ሰዓት ማለት ቀብሩ ያልፋል ማለት ነው።

በእግር እንሻገራለን አልኩ። የሚሄድ ይከተለኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ በሾፌሮቹ መሐል፣ በቆመው ሰልፍ ጎን፣ በተገለበጠው መኪና ጥግ ባለው እሾህ ውስጥ አለፍን። አሥራ አራት ነበርን፤ ሁሉም ጓዙን ተሸክሞ ተከተለኝ፣ ሾፌሩም ጭምር። ከወዲያኛው ወገን ከድሬዳዋ የመጣ ሚኒባስ ቆሟል፣ መንገደኞቹ በእኛ ምትክ ወደ አዳማ መሄድ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ሾፌሮች መንገደኞቻቸውን ሊለዋወጡ ተስማሙ። አዲሱ ሾፌር ለምን እንደምንቸኩል ሲነገረው ሌላ ቃል ሳይጨምር ሞተሩን አስነሣ። እስኪ ልጁ ባያውቅ ኖሮ ለማን ምን ብዬ ነበር የምለምነው? እዚያው ሰልፍ ላይ ተቀምጠን፣ ትንሽ አሟቸዋል እያልን፣ ዘጠኝ ሰዓት ይሆን ነበር።

የጭሮን ተራሮች ወጣን ወረድን። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ወንድምየው ደወለ። መጀመሪያ ከተማው መግቢያ ላይ አጎታቸው ቤት እንድናወርደው፣ ሰዎች እዚያ ተሰብስበው እንደሚጠብቁ፣ አስቀምጠው፣ ፊቱን አሳጥበው ቀስ ብለው እንደሚነግሩት አስረዳኝ። ያ ሁሉ ሲደረግ ሬሳው አፈር ገብቷል። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ስልኩን ለልጁ ሰጠሁት።

«ሰምቻለሁ» አለው። «ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ። በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የምመጣው። ያለ እኔ እንዳታወርዱት።»

ከወዲያኛው ጫፍ የወንድምየውን ልቅሶ ሰማሁ። ከትናንት ጀምሮ ታፍኖ የቆየ ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሚኒባሱ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አደረሰን። ሙቀቱ ፊት ይመታል። ሰዉ ግቢውን ሞልቶታል፣ አስከሬኑ ፍትሐቱ ተደርጎለት ወደ መቃብሩ ሊነሣ ነው። ልጁ ሮጠ። ወንድሙ ቃሬዛው ፊት በቀኝ በኩል ይዞ ነበር፤ ታናሹን ሲያይ ቦታውን ለቀቀለት። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከኋላ ተከተልኩ፤ በሰው አገር፣ በሌላ ቤተ ክርስቲያን፣ የማላውቀውን ሰው እያለቀስኩ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲያስቀምጡት ልጁ ተንበረከከ። ጩኸት የጠበቁ ሰዎች ሊይዙት ቀረብ አሉ። እሱ ግን ዝግ ብሎ፣ ሰው እንደሚያወራ እያወራ ነበር። ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት። «አባዬ፣ በመኪና ነው የመጣሁት» ይላቸዋል። «ዝዋይ ላይ ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች አየሁ። መተሐራ ላይ ሐይቁ መንገዱ ድረስ መጥቷል። ሚኤሶ አጠገብ መኪና ተገልብጦ በእግር ተሻገርን። ከአዋሽ በኋላ የድሮውን ሐዲድ አየሁት፣ አለ፣ ሣር በቅሎበታል። አባዬ፣ ቁልቢ ላይ ጉም ነበር።» እስኪጨርስ ማንም አላቋረጠው። ቄሱም ቆመው ጠበቁት።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ እናቲቱ አስጠሩኝ። ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንድምየው አጠገባቸው ቆሞ ግንባሩን ቋጥሮ ያየኛል። አደራውን የበላሁበት ሰው ነኝ፣ ቢቆጣ እውነት አለው።

«የነገርሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ያን ሁሉ መንገድ ልጄ ብቻውን አለቀሰ?»

ያኔ ገባኝ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ውሸቱን ስረግም ኖርኩ፤ እኚህ ሴት የሚፈሩት ግን ልጃቸው ማወቁን አልነበረም። ብቻውን ማወቁን ነበር። አጎቴም በዚያ በስልኩ ይህንኑ ፈርቶ ይሆናል።

«አይ» አልኳቸው። «መኪና ሙሉ ሰው ነበርን።»

ከዚያ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉና ቦታ ሰጡኝ። እስከ ሳልስቱ ከጎናቸው ተቀምጬ ለቅሶ ደራሽ ተቀበልኩ፣ እንደ ቤተ ዘመድ።

ልሄድ ስል ልጁ ሹራቡን ሊያወልቅ ጀመረ። በዚያ ሙቀት ሦስት ቀን ሙሉ አላወለቀውም ነበር፣ አንገቱ በላብ ርሷል። የማን እንደሆነ አሁንም አልነገርኩትም ነበር፤ ነገርኩት። ቱላን፣ ፌስታሉን፣ ሦስተኛውን ቀን ነገርኩት። እጁ ቁልፉ ላይ ቆመ።

«ለአባት ቀብር ዘግይቶ የነበረ ሹራብ ነው» አልኩት። «አሁን ደርሷል። ልበሰው።»

ሀዋሳ ስመለስ አውሮፕላን ጀምሮ ነበር። እኔ ግን በመኪና ተመለስኩ፣ መንገዱን እያየሁ። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አሁን የፈተና ወረቀት ብቻ ነው ያለው።